ድንጋዩን ሦስቴ ወቀርኩት

ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ሌባ ነው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ቢቸና ውስጥ እህል ያስፈጨ ሁሉ ይለዋል። ሃያ ኪሎ ጤፍ አምጥታ ዱቄቷን የምትረከብ ሴት ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ከመርፌው ይልቅ የኔን ፊት ነው የምታነበው። ግማሽ ኪሎ ጎደለ ብላ ያላጉረመረመች ካለች ወይ እንግዳ ናት ወይ ሐሳብ ይዟታል። ሃያ ስድስት ዓመት ስመዝንና ስከሰስ ኖሬ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሚዛን አያምንም፣ የሚያምነው የሚፈልገውን ቁጥር ነው። ይህን ስለ ደንበኞቼ ስናገር ኖሬ ስለ ራሴም መሆኑን ያወቅሁት በዘንድሮው ሁዳዴ ነው።

ሌብነቱን እንተወውና፣ ሙያዬን ማንም አይክደኝም። ዱቄት በዓይን አይታወቅም፤ የሚታወቀው በጣት ነው። ትኩሱ ከወፍጮው አፍ ሲወርድ ቆንጠር አድርጎ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል ማሸት ነው። ለእንጀራ የሚሆነውን፣ ለገንፎ የሚሆነውን፣ ገና አንዴ መመለስ ያለበትን ጣቴ ይነግረኛል። ይህን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። መጀመሪያ ያስተማሩኝ በጥፊ ነበር፤ በኋላ ነው በጣት የሆነው።

አባቴን ካነሳሁ አሟሟታቸውን ሳልናገር ባልፍ እናቴ ትቀየመኛለች። አባቴ ሞታቸውን ያወቁ ሰው ናቸው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ ላይ ሳሉ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የወፍጮውን ድንጋይ ሦስት ጊዜ ወቀሩት። ድንጋይ ሲፈጭ ሲፈጭ ይለሰልሳል፤ ሲለሰልስ እህሉን አይቆርጥም፤ ስለዚህ ተፈትቶ ፊቱ በመዶሻና በመውቀሪያ ይወቀራል። በደህናው ጊዜ ይህ በወር አንዴ ቢሆን ነው። አባቴ በሳምንት ሦስቴ ወቅረው፣ በማግሥቱ ጠዋት እህል ሊያፈሱ እጃቸውን ሲያነሱ እዚያው ወደቁ፤ አልተነሱም። ለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ "ሞቱን አውቆ ለልጁ ወፍጮውን አሰናድቶለት ሄደ" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እንባዋን ጠርጋ ይህን ወሬ ያዘች። በየዝክሩ ትናገረዋለች፣ ደብረ ወርቅ ድረስም ይታወቃል። እኔም እኮራበታለሁ፤ አባቱ ሞቱን ያወቀ ስንት ሰው አለ?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴን እግሯን አሟት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ የእናቴን የደም ግፊት ለካችና ደህና ነው ብላ መሣሪያውን ወደኔ አዞረችው።

"እርስዎስ?"

"እኔ ምን ሆኜ?"

"ከመጡ አይቀር ብዬ ነው።"

ከመጡ አይቀር የሚባል ነገር ስንት ሰው እንዳስበላ አላውቅም። ለካችኝ፤ መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር። የሰማንያ ዓመቷ እናቴ የልጃገረድ ደም ይዛ ተቀምጣ እኔ እንዴት እንደዚህ እሆናለሁ? ድገሚው አልኳት፤ ደገመችው። በሌላው ክንዴ አልኳት፤ በሌላው ክንዴ ለካች። ሸሚዜን ላውልቀው አልኳት፣ አወለቅኩት። ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም። ምናልባት መሣሪያው ይሆናል ስል ሲስተሯ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ።

"እርስዎ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አይደሉ? የርስዎን ሚዛን ስንቴ ነው የሚደግሙልን?"

 ግን እኮ ምንም አያመኝም አልኳት። "አያምም፤ ክፋቱም እሱ ነው" አለችኝና አንድ ክኒን በየቀኑ ጠዋት ጠዋት እንድውጥ፣ ጨው እንድቀንስ፣ በእግሬ እንድሄድ አዘዘችኝ። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅኳት። ዕድሜ ልክ አለችኝ። ይግባኝ የለውም ወይ አልኳት፤ አልሳቀችም። የኔ በሽታ የማያም፣ መድኃኒቱ ደግሞ የማያልቅ ሆነ። ከዚህ የባሰ ንግድ አይቼ አላውቅም።

ባለቤቴ የሺ በዚያው ቀን ከወጡ ጨው ቀነሰች። መቀነስ ብቻ አይደለም፣ ጨው የሚባል ነገር በቤቱ ውስጥ ስሙም እንዳይጠራ አደረገች። እኔ ደግሞ ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ከሞተር ዘይቱ ጣሳ ጀርባ፣ በላስቲክ የቋጠርኳት ጨው ነበረችኝ። ቆሎዬን ነስንሼባት እበላለሁ፤ ቤት ስገባ አልጫውን ፊቴን አጨማድጄ እበላና እመርቃለሁ። ክኒኑን ግን እውጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር ባልደሰትበትም ሁለት ዓመት ያህል ውጫለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ችግር መጣ። ክኒኑ የታዘዘው ጠዋት ነው። እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም፤ የአባቴ ልጅ ነኝ። ክኒን በምን ይዋጣል? በውሃ። እንግዲያ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ዋጠው ትሉኝ ይሆናል። ሲስተሯ ጠዋት ጠዋት ብላለች፤ የሐኪም ትእዛዝ ማፍረስ አልፈልግም። እንዲህ አድርጌ ጠዋት ለጾሜ ብዬ፣ ከሰዓት ለሐኪሟ ብዬ፣ ሁለቱንም አክብሬ ክኒኑን ተውኩት። ባለፈው ዓመት ሁዳዴ እንዴት አድርገህ ነበር የሚል አይጠፋም። ባለፈው ዓመት ጉንፋን ይዞኝ አልጾምኩም፤ አሁን ሳስበው ያ ጉንፋን ባለውለታዬ ነው።

የንስሐ አባቴ መምሬ ጥበቡ ናቸው። እሳቸውን ብጠይቃቸው ኖሮ "መድኃኒት ጾም አይሽርም፣ ዋጥ" እንደሚሉኝ ከመጠየቄ በፊት አውቀዋለሁ። አልጠየቅኳቸውም። ሳይጠየቅ የቀረ ነገር አይከለከልምም አይታዘዝምም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው መስቀል ተሳልሜ ስለ ዝናቡ አውርቼ እሄዳለሁ። እሳቸውም ዘንድሮ ከወትሮው ይልቅ ስለ ዝናብ ማውራት ይወዱ ነበር፤ ያኔ አልገረመኝም።

ሦስት ሳምንት ምንም አልሆንኩም። ይኸው አልኩ በልቤ፣ ድኜ ነው። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ፣ የመጻጉዕ ማግሥት፣ ዳቦ ጋጋሪዋ እትዬ ጥሩነሽ ቅዳሜ የወሰደችውን የስንዴ ዱቄት ተሸክማ መጣችና ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

"አያ፣ ይኸ ምንድን ነው?"

"ዱቄት ነዋ።"

"ዱቄትማ አውቃለሁ። ይኸ ቅንጬ ነው።"

ቆንጠር አድርጌ አሸሁት። ልስልስ ነው። ልስልስ ነው አልኳት። እሷም አሸችው፤ ወረፋ የያዙትም ሴቶች አሹት። ሁሉም ሻካራ ነው አሉ። ሴት ሲተባበር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ተሟግቼ ስለማልረታ ወፍጮውን አቁሜ ድንጋዩን ፈታሁና ወቀርኩት። ስወቅር መዶሻው ሁለት ጊዜ ከእጄ አመለጠኝ፤ አንዱ የግራ አውራ ጣቴን አገኘው። እጀታው ላልቶ ነው ብዬ እጀታውን ቀየርኩት።

ረቡዕ ሌሎች ሁለት ሴቶች ተመለሱ። የመብራቱ ኃይል አንሶ ነው አልኳቸው። ከመብራት ኃይሉ ጋር ተጣላሁ፣ ከጤፉ ጋር ተጣላሁ፣ ዘንድሮ ጤፉ ርጥበት አለው አልኩ፤ በመጨረሻ ድንጋዩን እንደገና ፈትቼ ወቀርኩት። በዚያው ሰሞን የሸሚዜ ቁልፍ እምቢ አለኝ፤ የሺ ስታጥበው ቀዳዳው ጠቦ ነው ብዬ ተቆጣኋት። ብርጭቆ ሰበርኩ፤ ሳሙና ነው አልኩ። በሽታ ራሱ እንዲህ በየቤቱ እየዞረ ሲያንኳኳ እኔ ለእያንዳንዱ ማንኳኳት ሌላ ሰው እከስ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሦስተኛውን ውቅራት ስጀምር እናቴ ከጓሮ መዶሻውን ሰማች። ብቅ ስትል ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

"ልጄ" አለችኝ፣ "አንተም አወቅኸው?"

"ምኑን?"

"ሦስተኛህ አይዶለም እንዴ?"

መዶሻው ከእጄ ወደቀ። በዚህ ጊዜ እጀታውን መክሰስ አልቻልኩም። በሳምንት ሦስቴ መውቀር ምን ማለት እንደሆነ በቤታችን ውስጥ ያልሰማ የለም፤ እኔው ነኝ ስንት ዝክር ላይ ያወራሁት። እናቴ አላለቀሰችም። ያስፈራኝም ይኸው ነው። ፊቷን አጥባ ሥራ ጀመረች። ለመምሬ ጥበቡ "ንስሐውን ይቀበሉት" ብላ ላከች፤ መምሬ መንገድ ስላለባቸው ማክሰኞ እንደሚመጡ ተነገራት። ማክሰኞ ድረስ እንድቆይ አደራ አለችኝ። ለዘመድም ላከች።

ቅዳሜ አጎቴ ከአምበር ደረሰ። እናቴ ወንበር ስትሰጠው ትቶ ወፍጮውን ዞሮ ተመለከተና ሞተሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ "ደህና ነው አይደል?" አለኝ። እኔ ነኝ ወይ ሞተሩ ብዬ ጠየቅኩት። "እንዲያው ለማን አሰብኸው ብዬ ነው" አለኝ። አክስቴ ከሮብ ገበያ መጥታ ስታየኝ ደህና ሆኜ በመቆሜ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ። ሊሰናበቱ የመጡት ሰዎች ደህና እየበሉ፣ ደህና እየጠጡ፣ እኔን ግን እንደ ጠዋት ጤዛ እየሳሱ ያዩኛል። አንድ ሁለቱ የበደሉኝ ነገር ካለ ይቅርታ ጠየቁኝ። የአጎቴን ልጅ በሬ የሰረቀው ማን እንደሆነ እንኳ በዚያ ቀን ነው የተነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ ሸሽቼ ወፍጮ ቤት ገባሁ። እትዬ ጥሩነሽ ተከትላኝ መጣች። ሞት የማይበግራት ሴት ናት፤ የመጣችው ለዱቄቷ ነው። ከከረጢቷ ቆንጠር አድርጋ ቀኝ እጄ ላይ አደረገችልኝ።

"እሸው።"

"ልስልስ ነው፣ እትዬ። በማርያም ልስልስ ነው።"

"በግራህ እሸው።"

በግራ እጄ አሸሁት። አሸዋ ነው። ወደ ቀኝ መለስኩት፤ ምንም የለም። ልስልስም አይደለም፣ ሻካራም አይደለም፤ ምንም የለም። ጠቋሚ ጣቴን ነከስኩት፤ የሌላ ሰው ጣት የነከስኩ መሰለኝ። ድንጋዩ ሦስቴ ያለ ጥፋቱ ተወቅሮ ኖሯል፤ ሻካራውን ሳይመልስ ልስልስ ነው ብሎ ያሳለፈው ጣቴ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ከረጢቷን ቋጠረች፤ ድምፅዋም ተለወጠ።

"ወንድሜ፣ ድንጋዩን ተወው። ዛሬውኑ ሐኪም እይ።"

ፈራሁ። ይህን በግልጽ ልናገረው፤ በጣም ፈራሁ። ግን ከመሞት ይልቅ የፈራሁት የጤና ጣቢያዋን ሲስተር ነበር። "ክኒኑንስ?" ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም፤ ሙሉው ብልቃጥ ሣጥኔ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ የማያውቁኝ አገር ሄጄ ልታይ ብዬ ወሰንኩ። ዛሬውኑ የተባልኩት ሰውዬ ቅዳሜን አልፌ፣ እሑድን አስቀድሼ፣ ሰኞ ሞጣ ልሄድ ተነሣሁ። ለቤተሰቡ የወፍጮ ቀበቶ ልገዛ ነው አልኳቸው። እናቴ ሰምታ "ይኸው፣ አሁንም ለወፍጮው" ብላ ለአክስቴ ሹክ አለቻት።

ሰኞ ማለዳ ከመውጣቴ በፊት አንድ ብልሃት መጣልኝ። ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ታጥቦ ነው። ብልቃጡን ከፍቼ አራት ክኒን በአንድ ጊዜ ዋጥኩ። ጾሜስ? መንገደኛ አይገደድም ይባላል። ስፈልገው አራት ሳምንት ሙሉ ያጣሁትን ፈቃድ በዚያን ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ አገኘሁት። የረሳሁት ነገር ቢኖር ክኒኑ ግፊትን የሚቀንሰው ውሃ በማስወጣት መሆኑን ነው። አንዱ አንድ ጊዜ ያስወጣል። አራቱ ምን እንደሚያደርጉ ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ገባኝ።

መጀመሪያ ሾፌሩን በትሕትና ለመንኩት፤ ቆመልኝ። ደብረ ወርቅ ላይ ሌላው ሰው ሻይ ሲጠጣ እኔ ሮጥኩ። ከደብረ ወርቅ ወጥተን ገና ሳንሞቅ እንደገና አስቆምኩት። በአራተኛው ላይ ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝና "አባባ፣ ሌላ ጊዜ ሲሳፈሩ ቀድመው ይንገሩን፣ በየዳገቱ መናኸሪያ እናሠራለን" አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ስኳር ነው አሉ። ከኋላ ያለው ሰው ብርድ ነው አለ። አንዷ ፌጦ አዘዘችልኝ፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ አንድ ሽማግሌ ጸበል፣ አንድ ወጣት ደግሞ ከስልኩ ላይ አንብቦ የሎሚ ልጣጭ። ፈለገ ብርሃንን ስናልፍ ሰባት መድኃኒት ታዞልኝ ነበር። እውነተኛውን፣ ግፊት ነው የሚለውን፣ እኔ አልተናገርኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እንደኔ ላለው ነው፤ እኔ ግን ደብቄም መድኃኒቱ በዝቶብኛል።

ሞጣ ስደርስ ዓይኔ ጭልም ይልብኝ ነበር። ሆስፒታሉ ገብቼ ካርድ አወጣሁና ማንም እንዳያየኝ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሌላ ሰው እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ተቀምጧል። ሁለታችንም ግድግዳውን እያየን ቆየን። ከጋቢው ሥር የምትታየው ጫማ ግን የማውቃት መሰለችኝ። ፊቷ ላይ ሰም የተንጠባጠበባት ላስቲክ ጫማ ናት፤ በየእሑዱ ስንበረከክ ፊት ለፊቴ የማያት።

"መምሬ?"

ጋቢው ተነቃነቀ። "ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ አባቴ።"

መምሬ ጥበቡ ዓይናቸውን ብቻ አወጡ። "ምነው? በደህናህ ነው?"

"ደህና ነኝ። የታመመ ዘመድ ልጠይቅ መጥቼ ነው። እርስዎስ?"

"እኔም የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ነው።"

"እግዜር ይማርልን።"

"አሜን። ያንተንም ይማርልህ።"

ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርን። ስለ በልጉ ጨርሰን ወደ ክረምቱ ስንሻገር ነርሷ በር ላይ ቆማ "ቄስ ጥበቡ፣ የግፊት ክትትል" ብላ ተጣራች። መምሬ አልተነሡም። ደግማ ስትጣራ "ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም" አልኳቸው። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝና ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። 

"ከመቼ ጀምረህ ተውኸው?" አሉኝ።

"ከዘወረደ። እርስዎስ?"

"ከዘወረደ።"

ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ስድስት ዓመት ሲውጡ ኖረዋል፤ ሁዳዴ ሲመጣ ግን ይተዉታል። መድኃኒት ጾም እንደማይሽር ያውቃሉ፣ ለሌላውም ይመክራሉ። ግን ቄሱ በማለዳ ውሃ ሲጠጡ አንድ ሰው ቢያያቸውስ? ለሁሉ ሰው እየዞሩ ይህ ክኒን ነው ይላሉ? እሑድ ቅዳሴ ላይ ራሳቸውን አዙሯቸው መቋሚያቸው ባይኖር ኖሮ ወድቀው ነበር። የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"አልጠየቅኋቸውም" አሉኝ። "ዋጥ ይሉኛላ።"

ሐኪሟ ዶክተር ሐያት ትባላለች፤ የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት። ሁለታችንንም አንድ ላይ አስገባችን፤ አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መስማት ያልፈለገች መሰለኝ። የመምሬን ስትለካ ፊቷን አጠቆረችው። የኔን ስትለካ መቶ በስድሳ ሆነ። ደስ አለኝና ለመምሬ በዓይኔ አሳየኋቸው።

"ዛሬ ስንት ክኒን ዋጡ?" አለችኝ።

"እንደታዘዘው።"

"ስንት?"

"አራት።"

ብዕሯን አስቀመጠች። አልጮኸችም፤ ምነው በጮኸች። አልጋ ላይ አስተኝታ ውሃ በደም ሥሬ አስገባችልኝ። ከዚያ ሁለት እጆቼን ዘርግቼ ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘችኝ፤ ስገልጥ ቀኙ ወርዶ አገኘሁት። ማውረዴን አላወቅሁም። እጇን እንድጨብጣት አደረገች፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ነካካች። ከዚያ ወንበሯን ስባ ቁጭ አለችና በቀላል ቋንቋ አስረዳችኝ። ግፊት ሲበዛ ሕመም የለውም፤ ግን ደም የሚሄድባቸውን ሥሮች ቀንም ሌትም ይጎዳቸዋል፤ ያጠነክራቸዋል፣ ያጠባቸዋል። ልብም በጠበበው ውስጥ ለመግፋት ስትለፋ ትደክማለች። ጨው ያባብሰዋል፣ ጮማ ያባብሰዋል፣ ትምባሆና ስኳር ያባብሱታል፣ ከዘርም ይወረሳል። አንድ ቀን አንዲት ቀጭን የጭንቅላት ሥር ትደፈናለች፤ በሌላው ወገን ያለው እጅ ወይም እግር ወይም አፍ ይሰንፋል። ያንተ ጣቶች እንደዚያ ናቸው አለችኝ። ትንሿ ስለሆነች ተርፈሃል፤ ትልቋ ብትሆን ኖሮ እዚህ አትመጣም ነበር። በተሰማህ ሰዓት ብትመጣ ደግሞ የምንችለው ነገር ይበዛ ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር ነገ አይባልም። አንቱታውን ትታ አንተ ያለችኝ በዚህ መሐል ነው፤ ተቆጥታ ይሁን አዝና አላወቅሁም።

"አባትህ በምን ሞቱ?" አለችኝ።

"ሞታቸውን አውቀው ነው የሞቱ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ነገርኳት፤ ይህን ታሪክ ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል። በአንድ ሳምንት ሦስቴ ወቀሩት፣ በማግሥቱ እጃቸውን ሲያነሱ እዚያው ወደቁ አልኳት። መምሬም ራሳቸውን በመነቅነቅ መሰከሩ። እሷ ግን አልተደነቀችም።

"ለምን ነበር የሚወቅሩት?"

"ዱቄቱ ሻከረ ብለው ሴቶች…"

እዚያ ላይ ቆምኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሳወራው ሴቶቹን ከታሪኩ አውጥቻቸው ነበር፤ ለዝክር አይመጥኑም። አሁን ግን መጡ። ከረጢታቸውን ተሸክመው፣ ወረፋ ይዘው፣ አባቴ ሲምሉላቸው። "በማርያም ልስልስ ነው" ሲሉ። በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ፤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መምሬ መስቀላቸውን ጨበጡ። እኔ አልጋው ላይ ተጋድሜ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። የቀረውን በአጭሩ ልጨርሰው። ለጭንቅላት ምርመራ ባሕር ዳር ላከችኝ፤ ሄድኩ፣ እንዳለችው ሆኖ ተገኘ። ሌላ ዓይነት ክኒን ተጨመረልኝ፤ ደም እንዳይረጋ የሚረዳም፣ ስብን የሚቀንስም። ስለ ጾሙ ስናጉረመርምባት ዶክተር ሐያት እሷም በዚያን ቀን ጾመኛ መሆኗን ነገረችን፤ ረመዳን ነበር። አባቷም ግፊት አለባቸው፣ እንደኛው አንድ ረመዳን ሙሉ ትተውት አስደንግጠዋታል፤ አሁን ሐኪም አስተካክሎላቸው ከንጋት በፊት ሲመገቡ ይውጣሉ። "የናንተን ሰዓት ደግሞ እናንተው ተነጋገሩ፤ ቄስም ታካሚም እዚህ አለ" አለችን። አባቷ የወፍጮ ዕቃ እንደሚሸጡ ስሰማ ሄጄ ቀበቶ ገዛሁ፤ አንዱ ውሸቴ እንኳን እውነት ይሁን ብዬ።

መምሬ በመንገድ ላይ ቀኖናዬን ሰጡኝ። ለኔ ብቻ አልነበረም፣ ለራሳቸውም ጭምር ነው። በየማለዳው ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ በወፍጮ ቤቱ ያልፋሉ፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ እያዩ፣ ውሃ በጣሳ ይዘን ሁለታችንም እንውጣለን። በመጀመሪያው ቀን ወፍጮ ቤቱ ጸጥ አለ። በሁለተኛው ቀን እትዬ ጥሩነሽ ከጉያዋ የራሷን ክኒን አውጥታ "ውሃውን ወዲህ በሉት" አለች። የሁዳዴው መጨረሻ ላይ ጣሳዋ አልበቃ ብላ ጀሪካን አመጣሁ። ከዘይቱ ጣሳ ጀርባ ያለችውን ጨው ለየሺ አስረከብኳት፤ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ታውቅ ኖሯል።

ዘመዶቼ እንዳልሞትኩ አይተው በየመንገዳቸው ሄዱ። አጎቴ ሲሄድ ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞሮ አየው።

እናቴ ቀረች። ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሐሙስ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ስትሞቅ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ጣቴ፣ ስለ ሥሩ፣ ስለ ሴቶቹ፣ ስለ አባቴ። ታሪኳን እየወሰድኩባት እንደነበር አውቄዋለሁ፤ ግን ልጆች አሉኝ፣ የነሱም ጣት የአባቴ ነው። ሰምታኝ ስትጨርስ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

"እንግዲያ ሞቱን አላወቀም" አለች።

"አላወቁም፣ እማ።"

"ዱቄቱ ነው እንጂ።"

"ዱቄቱ ነው።"

ቀጥላም "ያን ጊዜ ይኸ ክኒን ነበረ?" አለችኝ።

ጤና ጣቢያው ያኔም ነበር። ከወፍጮ ቤታችን አሥር ደቂቃ አያስኬድም። ግፊት የሚለካ ሐኪምም ነበር፤ እኔው ራሴ ለሌላ ነገር ሄጄ ክንዱ ላይ ጨርቅ የተጠመጠመለት ሰው አይቻለሁ።

"አልነበረም፣ እማ" አልኳት።

"እንዲያ ከሆነ ደህና" አለችና ፊቷን ወደ ፀሐይዋ አዞረች።

በማግሥቱ ጠዋት ክኒናችንን ይዘን ስንቆም ይህን ውሸቴን ለመምሬ ተናዘዝኩ።  ቀኖናዬን ስጠብቅ ጣሳውን አቀበሉኝና "ዋጥ፣ ልጄ" አሉኝ። ዋጥኩ። ከዚያ እትዬ ጥሩነሽ ለፋሲካ ያመጣችውን ስንዴ አፈሰስኩ፤ ዱቄቱ ሲወርድ በግራ እጄ ቆንጥሬ አሸሁት፣ ገና ሻካራ ነበር፤ አንዴ መለስኩላት።